እጥፍ ፍጥነት

ወንድሜ ኤራስሞ ሲናገር ያዘግማል፤
አንድ ቃል ይጥልና ሌላውን ይፈልጋል፤
ዕንቁላል በእግሩ ቢሄድ እሱን ይቀድመዋል።

ቺሎኤ ደሴት ላይ፣ ዝናብ በማይለቀው፣
የባሕሩ ውሃ ከሥሩ በሚመላለሰው
የእንጨት ቤቱ ውስጥ፣ ጀልባ እየጠገነ
ይኖራል። ሚስቱ ከሞተች ሦስተኛ ክረምቱ ሆነ።

እኔ ቫልፓራይሶ፣ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ፣
ጠዋት የምሮጥ፣ ማታም በጊዜ የማልተኛ።
ማክሰኞ ማክሰኞ መልእክቱ ይደርሰኛል፣
በድምፅ የተቀዳ፤ ርዝመቱን ሳይ ይደክመኛል፦
ዘጠኝ ደቂቃ። አሥራ አንድ። አንዴማ አሥራ አራት።
አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ፣ አንድ እጄ ከብረት፣
በሌላው አውራ ጣቴ አንዲት ቁጥር እነካለሁ፤
ሁለት እጥፍ ፍጥነት። ወንድሜን አስሮጠዋለሁ።

ያኔ ድምፁ ይቀጥናል፣ የወፍ ጫጫታ ይሆናል፣
ስለ ድንቹ፣ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ጣሪያው ይለፈልፋል፤
ዘጠኙ ደቂቃ በአራት ተኩል ያልቃል።
እኔም አውራ ጣቱን የቀሰረ ቢጫ እጅ
እልክለታለሁ፣ ገና ሳልወርድ ከመኪናው ደጅ።

ስድስት ዓመት እንዲህ።
ጆሮ ዳባ ልበስ አላልኩም፤ እምላለሁ።
አንድም አላለፈኝ፣ ሁሉንም ሰምቻለሁ፤
ጣሪያው መቼ እንዳፈሰሰ በቀን እናገራለሁ።

ባለፈው የካቲት፣ በበጋችን፣
ሌሊቱን በአውቶቡስ፣ ንጋቱን በጀልባ ሄድኩ።
ምድጃው አጠገብ አስቀመጠኝ። የዓሣ ሾርባ ቀዳልኝ።
ወሬም ጀመረ።

«ጎረቤቴ ኦኖፍሬ…»
አለና ማንኪያውን አየ።
«…ጀልባውን…»
ውጭ አንድ ውሻ ራሱን አራግፎ አለፈ።
«…ሸጠ።»

ፊቱን እያየሁት፣
ከጠረጴዛው ልብስ ላይ አውራ ጣቴ ብቻዋን ተነሣች።
ጨርቁን ነካች።
ደግማ ነካች።
ቁጥሯን ፈለገች።

ኤራስሞ አየ። «ምን ጠፋብሽ?» አለኝ።
ምን ልበለው?
«ጨው» አልኩት።
ጉልበቱን ይዞ ተነሣ፣ ፈልጎ አመጣልኝ።
ሾርባው ጨው አላነሰውም ነበር፤
ጨመርኩበትና
እስከ መጨረሻው ማንኪያ ጠጣሁት።

ማታ፣ እንዲሁ ሳልጠይቀው፣
«ስልኩን የምከፍተው ድስቱን ስጥድ ነው» አለ።
«እስኪፈላ። ወሬውማ ምን አለኝ፣
ከሁለት ቃል አይበልጥም፤
የቀረው…»
ጠበቅኩት። ጣቶቼን ጨብጬ ጠበቅኩት።
«…የቀረው አብረን እንድንቀመጥ ነው።»

ከተማዬ ተመልሼ አሮጌዎቹን መልእክቶች ከፈትኩ፣
በራሳቸው እርምጃ።
ቆርቆሮ የሚደበድብ ዝናብ አለ ለካ።
ማገዶ ይሰነጠቃል።
«ጥርሴን» ካለ በኋላ «ተነቀልኩ» እስኪል
ወንበሩ ይንቋቋል፣ መስኮት ይዘጋል፣
እግሩ ሄዶ ይመለሳል፣
ከወለሉ በታች ባሕሩ ይገባል።

በአንዱ ላይ፣ ከሁለት ዓመት በፊት፣
«ዛሬ እሷ…» ይልና ዝም ይላል።
አርባ ሰከንድ።
ያኔ፣ በሩጫው፣
ኔትወርክ የጠፋ መስሎኝ ነበር።

ተለውጫለሁ ብዬ አልመካም።
ያለፈው ማክሰኞ ረፍዶብኝ ነበር፤ ቁጥሯን ነካሁ፤
ወንድሜ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሮጠ፤
አፈርኩና መለስኩት።
ፌርማታዬ አለፈኝ። ዳገቱን በእግሬ ወጣሁ።

ማታ በተራዬ ልቀዳለት አሰብኩ፤ የምለው ግን አጣሁ።
«ኤራስሞ» ብዬ ስልኩን መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት፤
ሽንኩርት ከተፍኩ፣ ሳህን አጠብኩ፣
ምንም ሳልጨምር ላክሁት።
ስምንት ደቂቃ ከጥቂት።

በነጋታው መልስ መጣ፤ ቢጫ እጅ አይደለም፦
«ያ ከታችሽ ያለው ሰውዬ…
…ውሻውን…
…አሁንም ማታ አያስረውም?»